አድራሻው የተሰረዘው ጥቅል

ልብ ወለድ ጽፎ መጨረስ አንድ ፈተና ነው። ለማያውቁት ሰው ልኮ መልስ መጠበቅ ደግሞ ሌላ ፈተና። ረቂቁን በኢሜይል ትልካላችሁ፣ ከዚያ በየደቂቃው ስልካችሁን ታያላችሁ። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል። መልስ የለም። ወይም ሁለት መስመር እምቢታ ይመጣል፣ በቃ።

እዚህ ቦታ ላይ የቆሙ ብዙ ወጣቶች ምን እናድርግ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ምክር ከመደርደር ይልቅ የአንዲት ሴት ታሪክ መናገር ይቀለኛል። ሴትየዋ ሻርሎት ብሮንቴ ናት፤ የ«ጄን ኤር» ደራሲ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻርሎት የተወለደችው ሚያዝያ 21 ቀን 1816 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ነው። አባቷ ቄስ ነበሩ። ቤተሰቡ በ1820 ሃወርዝ ወደምትባል ከፍታ ላይ ያለች መንደር ሄደ። በዓመቱ እናት ሞቱ። በ1825 ደግሞ ሁለቱ ታላላቅ እህቶቿ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ታመው ተመልሰው ሞቱ። አራት ልጆች ቀሩ፤ ሻርሎት፣ ወንድሟ ብራንዌል፣ ኤሚሊ እና አን። እነዚህ ልጆች የራሳቸውን አገር ፈጥረው፣ በጣም ጥቃቅን በሆኑ ፊደላት፣ መዳፍ ውስጥ በሚገቡ ደብተሮች ላይ ታሪክ ይጽፉ ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሆናት ሻርሎት ደፈረችና ግጥሞቿን በዘመኑ የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ለነበረው ለሮበርት ሳውዚ ላከች። መልሱ በመጋቢት 1837 መጣ። ችሎታ እንዳላት አልካደም፤ ግን ሥነ ጽሑፍ የሴት ልጅ የሕይወት ሥራ ሊሆን አይገባም ብሎ መከራት። እሷም በትሕትና አመስግና መልስ ጻፈች። መጻፏን ግን አላቆመችም።

እስከዚያው እንጀራ ያስፈልጋል። አስተማሪ ሆነች፣ በሀብታም ቤት ተቀጥራ ልጆች አስጠናች፤ በአንዱ ቤት ደመወዟ በዓመት 20 ፓውንድ ነበር። ከኤሚሊ ጋር ብራስልስ ሄዳ ፈረንሳይኛ ተማረች። ተመልሳ ከእህቶቿ ጋር ቤታቸው ውስጥ ትምህርት ቤት ልትከፍት ማስታወቂያ አሳተመች። አንድም ተማሪ አልመጣም።

በ1846 ሦስቱ እህቶች ግጥማቸውን በአንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ሴት መሆናቸው እንዳይታወቅ ከረር ቤል፣ ኤሊስ ቤል እና አክተን ቤል የሚል የብዕር ስም ያዙ። የኅትመቱን ወጪ የቻሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለመነሻ ብቻ ከ31 ፓውንድ በላይ። ከሻርሎት የዓመት ደመወዝ ጋር አነጻጽሩት። በመጀመሪያው ዓመት የተሸጠው ስንት ኮፒ ይመስላችኋል? ሁለት።

ሁለት! እኔ ብሆን እዚያው ላይ ብዕሬን እሰቅል ነበር። እነሱ ግን ግጥሙ ሲታተም ልብ ወለድ ጽፈው እየጨረሱ ነበር። የሻርሎት «ፕሮፌሰሩ»፣ የኤሚሊ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»፣ የአን «አግነስ ግሬይ»። ሦስቱን ረቂቆች ይዘው የለንደን አሳታሚዎችን በር በፖስታ ማንኳኳት ጀመሩ።

እምቢታው ተራ በተራ መጣ። ከሁሉም የሚከብደው በነሐሴ 1846 የደረሰው ነው። የሻርሎት አባት ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ሊታወር ደርሶ ስለነበር ማንቸስተር ወስዳ አሳከመቻቸው። ቀዶ ሕክምናው የተደረገው ያለ ማደንዘዣ ነው። በዚያው ቀን «ፕሮፌሰሩ» ውድቅ ተደርጎ ተመለሰላት።

እና ምን አደረገች? አባቷ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተኝተው ሲያገግሙ፣ እሷ በተከራዩት ቤት ቁጭ ብላ አዲስ ልብ ወለድ ጀመረች። «ጄን ኤር»ን።

አሁን ወደ ጥቅሉ እንምጣ። ሻርሎት «ፕሮፌሰሩ» ሲመለስላት የቀድሞውን አሳታሚ አድራሻ በመስመር ትሰርዝና በዚያው መጠቅለያ ላይ የሚቀጥለውን ትጽፍበታለች። በ1847 ሐምሌ ስሚዝ ኤልደር ወደተባለው አሳታሚ ሲደርስ፣ ወረቀቱ ላይ ሦስት አራት የተሰረዙ አድራሻዎች ይታዩ ነበር። ማለትም ጥቅሉ ገና ሳይፈታ እኔን ሌሎች አልፈለጉኝም እያለ ይናገራል። የዛሬው አቻው ምን መሰላችሁ? ለሃምሳ ሰው በአንድ ኢሜይል መላክ። ወይም ለአንዱ የጻፉትን ደብዳቤ ለሌላው ፎርዋርድ ማድረግ።

ደግነቱ አሳታሚው ቤት ውስጥ ዊልያምስ የሚባል ጥሩ አንባቢ ነበር። ሻርሎት ሁለት ደረቅ መስመር ስትጠብቅ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ደረሳት። መጽሐፉን አንቀበልም ይላል፤ ግን ጠንካራና ደካማ ጎኑን በጨዋነት ይዘረዝራል። መጨረሻ ላይ በሦስት ቅጽ የሚወጣ ሥራ ካለ በጥንቃቄ እናየዋለን የሚል ሐሳብ አለበት። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በክፍያ የሚያከራዩ ቤተ መጻሕፍት ገበያውን ይዘውት ስለነበር ልብ ወለድ በሦስት ቅጽ ሲሆን ይመረጥ ነበር፤ «ፕሮፌሰሩ» ደግሞ አጭር ነው።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። እምቢታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስም ጠርቶ፣ ምክንያት ሰጥቶ፣ ሌላ ሥራ ካለህ አሳየኝ የሚል እምቢታ በር ገርበብ ብሎ መከፈቱ ነው። ሻርሎት ገብቷታል። አልተከራከረችም፣ አላኮረፈችም። ሌላው ሥራ ሊያልቅ ነው ብላ ጻፈች። ነሐሴ 24 ቀን 1847 «ጄን ኤር»ን ከአቅራቢያዋ ባቡር ጣቢያ ላከች።

ዊልያምስ አነበበና ለድርጅቱ ኃላፊ ለወጣቱ ጆርጅ ስሚዝ ሰጠው። ስሚዝ እሑድ ጠዋት ማንበብ ጀመረ። ከጓደኛው ጋር ለፈረስ ግልቢያ የነበረውን ቀጠሮ ሰረዘ፤ ምሳውን እያነበበ በላ፤ ሳይጨርሰው አልተኛም። ለመብቱ 100 ፓውንድ ከፈሉ፤ ጥቅምት 1847 መጽሐፉ ወጣ። ከተላከበት ቀን ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። እንግሊዝ ሁሉ ከረር ቤል ማነው እያለ ይጠይቅ ጀመር።

የእህቶቿ ዕድል ግን ሌላ ነበር። ኒውቢ የሚባል አሳታሚ የኤሚሊንና የአንን መጽሐፍ ቀድሞ ተቀብሏል፤ ሆኖም 50 ፓውንድ እንዲከፍሉ አድርጎ። ከዚያ ሥራውን አጓተተ። «ጄን ኤር» ሲነሳ ነው የነቃው፤ ታኅሣሥ ላይ በስሕተት የተሞላ ኅትመት አወጣ። ይባስ ብሎ ሦስቱም ቤሎች አንድ ሰው እንደሆኑ አስወራ። በሐምሌ 1848 ሻርሎትና አን በሌሊት ባቡር ለንደን ገብተው ስሚዝ ቢሮ ድረስ በአካል በመቅረብ ማንነታቸውን አስረዱ። ስሚዝ ፊት የቆሙት ሁለት ደቃቃ የገጠር ሴቶች ነበሩ።

ደስታው አልቆየም። በዚያው ዓመት መስከረም ብራንዌል፣ ታኅሣሥ ኤሚሊ፣ በሚቀጥለው ግንቦት አን ሞቱ። ሻርሎት ባዶ ቤት ውስጥ ከአባቷ ጋር ቀርታ የጀመረችውን «ሸርሊ»ን ጨረሰች፣ «ቪሌት»ንም ጻፈች። በ1854 አገባች፤ መጋቢት 31 ቀን 1855 በ38 ዓመቷ አረፈች።

«ፕሮፌሰሩ»ስ? ዝነኛ ከሆነች በኋላም አሳታሚዋ አልተቀበለውም። የወጣው በ1857፣ ከሞተች በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ብዙ ሰው ተስፋ አትቁረጡ፣ ደጋግማችሁ ላኩ ይላል። ልክ ነው፤ ግን ሻርሎትን ያሳለፋት አንዱን ረቂቅ ደጋግማ መላኳ ብቻ አይደለም። እሱ በየፖስታ ቤቱ ሲዞር እሷ የተሻለውን እየጻፈች ነበር። የብራስልሱን ትዝታም አልጣለችውም፤ በ«ቪሌት» ውስጥ አዲስ አድርጋ ሠራችው።

በእሷ ጊዜ የሥነ ጽሑፍ ወኪል የሚባል ሙያ ገና አልተለመደም። ዛሬ በእንግሊዝና በአሜሪካ ትልልቅ አሳታሚዎች ረቂቅ የሚቀበሉት በአብዛኛው በወኪል በኩል ነው። በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ወደዚያ የምትልኩ ካላችሁ እነዚህን ያዙ፦

ልብ ወለዱ ሳያልቅ አትላኩ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ የመጽሐፉን ርእስ፣ ዘውግ፣ የቃላት ብዛት፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚፈልግና ምን እንደሚያግደው፣ ስለ ራሳችሁም አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር። ታሪኩን ተናገሩ እንጂ ራሳችሁን አታወድሱ።

እያንዳንዱ ወኪል የሚፈልገውን ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። አንዱ ሦስት ምዕራፍ ይላል፣ ሌላው አሥር ገጽ። የተባለውን ብቻ ላኩ። ለብዙዎች በአንድ ጊዜ መላክ ይቻላል፤ ግን ለእያንዳንዱ በስሙ፣ ለብቻው። ለማን መቼ እንደላካችሁ መዝግቡ።

ወኪል የሚያገኘው መጽሐፋችሁ ሲሸጥ ነው፤ የተለመደው ከገቢያችሁ 15 በመቶ ነው። ቀድሞ የማንበቢያ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ኒውቢን አስታውሱና ሽሹት።

በአማርኛ የምትጽፉ አብዛኞቻችሁ ደግሞ ወኪል ሳይኖር ከአሳታሚና ከማተሚያ ቤት ጋር በቀጥታ ትነጋገራላችሁ። ደንቡ ያው ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሚታተመውን ብዛት፣ የሚያልቅበትን ቀንና አርሞ የሚያነበውን ሰው በጽሑፍ አስፈርሙ።

እና ከላካችሁ በኋላ ስልኩን አስቀምጡት። መልሱ ሲመጣ ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ያግኛችሁ።