ጉዲና ቱምሳ

ቄስ ጉዲና ቱምሳ (1921–1971 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩ የሃይማኖት መሪ ናቸው። በደርግ ዘመን ከአገር የመውጣት ዕድል አግኝተው ሳይቀበሉ ቀርተው ተገድለዋል።

የተወለዱት በወለጋ ቦጂ ነው። ለትምህርት ወደ ነቀምት ሄደው በስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠለጠኑ፤ በሥራ ላይ ሳሉም ይሰብኩ ነበር። ቅስና ከተቀበሉ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ ሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተምረው ሲመለሱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ የእርሳቸው አስተሳሰብ በጉልህ የሚታይበት ነው። በዚያን ጊዜ የምዕራብ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ በቀላሉ ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከት ግን አይሰጡም ነበር። ደብዳቤው ሰውን በሥጋና በነፍስ ለሁለት መክፈልን ተቃወመ፤ የውስጡ ሰው ካልታነጸ ልማቱ ዘላቂ አይሆንም የሚል ነበር። ጉዲና ይህን የጻፉት ለክርክር ብቻ እንዳልነበር ከሰባት ዓመት በኋላ ታየ።

እስርና ሞት

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ወዳጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ ለመኗቸው። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሊረዷቸው ፈቃደኛ ነበሩ፤ ጉዲና ግን እረኛ መንጋውን በችግር ጊዜ ጥሎ አይሄድም ብለው እምቢ አሉ። እምቢታው ለቤተሰባቸውም ከባድ ዋጋ ነበረው። በዚያው ሐምሌ ወር ክርስቲያን በኅብረተሰብ ውስጥ ስላለው ድርሻ አንድ አጭር ጽሑፍ አዘጋጁ፤ ክርስቶስን የሚከተል ሰው ሕይወቱ የራሱ እንዳልሆነ ያስረዳል። ከጀርመናዊው ዲትሪክ ቦንሆፈር ጋር የሚያነጻጽሯቸው ብዙዎች ናቸው፤ እርሱም ከአሜሪካ ወደ ናዚ ጀርመን በፈቃዱ ተመልሶ የተገደለ የሉተራን ቄስ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር በመኪና ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር ጣሏቸው፤ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ። መንግሥት የት እንዳሉ አላውቅም አለ። ባለቤታቸውም በ1972 ዓ.ም. ታስረው ለአሥር ዓመት ያህል በእስር ቆዩ።

አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ በክብር ተቀበሩ።