የሰብልን ዕድገት በየዕለቱ ያሰሉት ፕሮፌሰር ደ ዊት

የበቆሎ ምርት ሲያሽቆለቁል በመጀመሪያ የሚወቀሰው ዝናብ ነው። ኔዘርላንዳዊው የግብርና ሳይንቲስት ኮርኔሊስ ደ ዊት ግን ዝናቡን ከመውቀስ በፊት ሰብሉ በየዕለቱ ያገኘውንና የጎደለውን ማስላት እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ የሰብልን ዕድገትና ምርት በኮምፒውተር ለመተንበይ የሚያገለግሉትን ሞዴሎች ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደም ናቸው።

ደ ዊት የተወለዱት በ1924 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዋገኒንገን ግብርና ተምረው በ1953 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። የመመረቂያ ጥናታቸው ማዳበሪያ በማሳው ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ተክሉ በሚወስደው መጠን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በሒሳብ የመረመረ ነበር። ማዳበሪያን ከመበተን ይልቅ በመስመር ስለማድረግ ምክር ሲሰጠው ለኖረው አርሶ አደራችን ጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ከዚያም በበርማ በአፈር ባለሙያነት ሠርተው ወደ ዋገኒንገን ተመለሱ።

በ1958 ባሳተሙት ጥናት የሰብል ምርት በቅጠሉ በኩል ከሚተነው ውሃ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። በጎርፍ የሄደ ወይም ከባዶ አፈር ላይ የተነነ ዝናብ፣ የቱንም ያህል ቢዘንብ፣ ለሰብሉ አይቆጠርም። በ1965 ደግሞ ተደራርቦ የበቀለ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን እንዴት እንደሚጠቀምበት አሰሉ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሁለቱን መንገዶች ከሌሎች ጋር አጣምረው ሙሉ ሰብልን በኮምፒውተር ማሳደግ ጀመሩ።

አሠራሩ ከቤት የእህል ሒሳብ ብዙም አይርቅም። በቆሎን እንውሰድ። ኮምፒውተሩ የዕለቱን ብርሃንና ሙቀት ተቀብሎ ቅጠሉ ምን ያህል ምግብ እንደሠራ ያሰላል። ከዚያ ላይ ተክሉ ለራሱ መኖሪያ የሚያቃጥለውን ይቀንሳል። የተረፈውን ለሥር፣ ለአገዳና ለቅጠል፣ ጊዜው ሲደርስም ለፍሬ ያከፋፍላል። ቅጠሉ ስለጨመረ በማግስቱ የሚሠራው ምግብ ይጨምራል። በቆሎው በስንት ቀን እንደሚያብብና እንደሚደርስ በአብዛኛው የሚወስነው ሙቀቱ ነው። እንዲህ እያለ ከቡቃያ እስከ አጨዳ አንድ ቀን ሳይዘለል ይቆጠራል። የአፈሩ እርጥበት ሲታከልበት፣ ዝናቡ በማበቢያው ሰሞን ቢቋረጥ ምርቱ በምን ያህል እንደሚቀንስ መገመት ይቻላል። በማሳ ላይ አንድ ሙሉ የመኸር ወቅት የሚፈጀውን ሙከራ ማሽኑ በብዙ ዓመታት የዝናብ መዝገብ ላይ ይደጋግመዋል።

የዚህ ስሌት ጥቅም ጎልቶ የታየው በማሊ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሳህል ድርቅ ከብት ካለቀ በኋላ የኔዘርላንድስና የማሊ ተመራማሪዎች የግጦሽ መሬቱን ማጥናት ጀመሩ፤ ደ ዊትም የጥናቱ መሪ አሳቢ ነበሩ። የብዙዎች እምነት ችግሩ ውሃ ብቻ ነው የሚል ነበር። ውጤቱ ግን ሌላ ሆነ። ውሃ ዋናው እጥረት የሆነው በበረሃው ጠርዝ ነው፤ በዓመት ከ300 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ዝናብ በሚያገኘው ደቡባዊ ክፍል ሣሩን የገታው የናይትሮጅንና የፎስፈረስ እጦት ነበር። ሣሩ የዘነበውን ውሃ እንኳ የሚጠቀምበት በጥቂቱ ነው። አፈሩ ከተራበ ውሃ መጨመር ብቻውን ለውጥ አያመጣም ማለት ነው።

ሰውየው ግን የኮምፒውተር ምርኮኛ አልነበሩም። የሞዴሉን ቁጥሮች ከማሳው ውጤት ጋር እስኪገጥሙ ድረስ መነካካት ራስን ማታለል ነው ብለው ያስጠነቅቁ ነበር። እንዲህ የተስተካከለ ሞዴል ከማሳው የተቀዳ እንጂ ማሳውን የሚያስረዳ አይሆንም።

በ1992 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ግብዓት ይበልጥ የሚሠራው ሌሎቹ ሁኔታዎች በተሟሉበት ማሳ ላይ መሆኑን ተከራከሩ። በአረም በተዋጠና ውሃ በማይቋጥር ማሳ ላይ የተጨመረ አንድ ኪሎ ዩሪያ፣ በተኮተኮተና እርጥበቱን በያዘ ማሳ ላይ ከተጨመረው ያነሰ ምርት ይሰጣል። ማዳበሪያን በኩንታል ብቻ ለሚደለድል ጽሕፈት ቤት ይህ ሐሳብ ሊያነጋግር የሚገባው ይመስለናል።

ደ ዊት ከአሜሪካዊው ዶን ኪርክሃም ጋር የግብርና ዎልፍ ሽልማትን ተጋርተዋል። በ1993 አረፉ። ከዋገኒንገን የወጣው ዎፎስት የተባለ ሞዴል ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት የሰብል ምርትን ለመተንበይ ይጠቀምበታል። በአገራችንም በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ በዝናብ የሚለማ በቆሎ ከዓመት ዓመት ምን ያህል እንደሚለዋወጥና ሊደርስበት ከሚችለው ምርት ምን ያህል እንደሚርቅ ለማስላት ከሌሎች ሞዴሎች ጋር አገልግሏል። እንዲህ ላለው ሥራ መነሻው የየዕለቱ ዝናብና ሙቀት እንዲሁም የአፈሩ ውሃ የመያዝ አቅም ነው፤ በጣቢያ አንድ ቀን ሳይመዘገብ የቀረ ዝናብ በስሌቱም ውስጥ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።