ከገና ሜዳ የተነሣው ሻምበል አበበ ቢቂላ

ሻምበል አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በምትገኘው ጃቶ መንደር ተወለደ። ከብት እየጠበቀ ያደገ የገና ተጫዋች ነበር። ለገና ጨዋታ ስታዲየም አይሠራለትም፤ መኸር ሲሰበሰብ የግጦሽ መስኩ ሜዳ ይሆናል። ቆልማማውን ዱላ የሚቆርጠው፣ ሩሯን የሚጠርበው፣ ተጫዋቹን በወገን የሚከፍለውም ያለ አንዳች ክፍያ የመንደሩ ሰው ነው። በሁለቱ ግቦች መካከል ያለው ርቀት አንዳንዴ ኪሎ ሜትሮችን ስለሚያልፍ፣ ሩሯን ሲከተል የሚውል ልጅ ሳያውቀው የረጅም ርቀት ሯጭ ይሆናል ማለት ድፍረት አይመስለኝም።

በክቡር ዘበኛ ተቀጥሮ በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የሠለጠነው ይህ ወታደር በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላም ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመ።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ያሽከረክራት የነበረችው መኪና ተገልብጣ ያ እግር ከመንቀሳቀስ ቀረ። እንግሊዝ አገር ከታከመ በኋላ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐርፎ አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።