የእንግሊዝ ንግሥት ሜሪ

ሜሪ የእንግሊዝ ንጉሥ የ8ኛው ሄንሪ ልጅ ናት። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1516 ዓመት ተወለደች። እናትዋ ካተሪን የእስጳንያ ንጉሥ ልጅ ነበረች። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ነበረ፤ ሜሪም በዚሁ ሃይማኖት አደገች።

ንጉሡ ግን አልጋ ወራሽ የሚሆን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ካተሪንን ፈትቶ ሌላ ሚስት ሊያገባ ፈለገ። የሮማው ፓፓ ይህን ስላልፈቀደለት ከሮማ ተለየ። በ1533 ዓመት ክራንመር የሚባለው ሊቀ ጳጳስ የካተሪን ጋብቻ ፈራሽ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚህ በኋላ ሜሪ ልዕልት መባል ቀረባት፤ ከእናትዋም ተለይታ ተቀመጠች። እናትዋ በ1536 ዓመት ስትሞት እንኳ ልታያት አልቻለችም። በዚያው ዓመት የንጉሡ ሰዎች አስፈራርተው የእናትዋ ጋብቻ ሕገ ወጥ እንደ ነበረ የሚናገር ወረቀት አስፈረሟት። ሜሪም ሳታምንበት ፈረመች።

ከሄንሪ በኋላ ወንድምዋ ኤድዋርድ ነገሠ። እርሱ ፕሮቴስታንት ነበረ፤ በመንግሥቱም ዘመን የካቶሊክ ቅዳሴ በሕግ ተከለከለ። ሜሪ ግን በቤትዋ ማስቀደስን አልተወችም። በ1553 ዓመት ኤድዋርድ በ15 ዓመቱ ሲሞት መኳንንቱ ጄን ግሬይ የምትባል ዘመዱን አነገሡ። ሕዝቡ ግን የሄንሪን ልጅ ደግፎ ተነሣ። ሜሪም በ37 ዓመትዋ ነገሠች፤ ሎንዶንም በደስታ ተቀበለቻት።

በመጀመሪያ፥ ለጊዜው ማንንም በሃይማኖቱ እንደማታስገድድ ዐወጀች። ይሁን እንጂ አገሩን ሁሉ ወደ ቀድሞው ሃይማኖት ለመመለስ ቸኰለች። መናፍቅ ተብሎ የተፈረደበት ሰው በእሳት እንዲቃጠል የሚያዝዘው አሮጌ ሕግ ታደሰ። ከ1555 እስከ 1558 ዓመት ድረስ 280 የሚያህሉ ሰዎች ተቃጠሉ። ከእነርሱም መካከል ጳጳሳት፥ ሸማኔዎች፥ ገበሬዎችና ሴቶች ነበሩ።

ክራንመርም ታሰረ፤ ሞትንም ፈርቶ ትምህርቱን እንደ ተወ በወረቀት ፈረመ። ሜሪ በፍርሃት መፈረም ምን እንደ ሆነ ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን አልማረችውም። በመጋቢት ወር 1556 ዓመት በኦክስፎርድ ከተማ ሊቃጠል በቀረበ ጊዜ ፊርማውን በሕዝብ ፊት ሻረ፤ የፈረመበትንም ቀኝ እጁን አስቀድሞ ወደ እሳቱ ዘረጋ። ይህም ነገር ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖረ።

ሜሪ ጸሎት የምታዘወትር፥ ለድሆችም የምትራራ ሴት ነበረች። የእስጳንያን ልዑል ፊሊጶስን አገባች፤ ልጅ ግን አልወለደችም። በኅዳር ወር 1558 ዓመት በ42 ዓመትዋ ሞተች። እኅትዋ ኤልሳቤጥ ነገሠችና ሜሪ በእሳት ልታጸናው የፈለገችውን ሥርዓት ሻረች። በኤልሳቤጥም ዘመን በተራቸው ብዙ የካቶሊክ ካህናት ተገደሉ። ሁለቱ እኅትማማች በሎንዶን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በአንድ መቃብር ተቀብረዋል።

ሜሪ በወጣትነትዋ በተገደደች ጊዜ የፈረመው እጅዋ እንጂ ልብዋ አልነበረም፤ ሥልጣን በያዘች ጊዜ ግን ይህን ረሳች። እጅን ማስገደድ ይቻላል፤ ልብ ግን በግድ አያምንም። እርሱን ያስለቀሰውን ነገር በሌላው ላይ የማያደርግ ሰው አስተዋይ ነው።