የጨርጨሩ ሐኪም፤ አዛዥ ወርቅነህ እሸቴ

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. መቅደላን ሰብሮ ሲመለስ ይዟቸው ከሄደው መካከል በ1857 ዓ.ም. የተወለደ አንድ ሕፃን ነበረ። ኮሎኔል ቻምበርሌን ወደ ህንድ ወሰደው፤ እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ፤ ከሁለቱም ስም ተዋጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምናን በ1874 ዓ.ም. ጨርሶ በስኮትላንድ ዕውቀቱን አሰፋ፤ በበርማም ለብዙ ዓመታት በሐኪምነት አገለገለ። ወርቅነህ መባሉን ያወቀው ግን ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ፣ አያቱ በገላው ላይ ባለው ጠባሳ ሲለዩት ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። ቀጥሎም የጨርጨር ገዥ ሆነው፣ ዛሬ ጭሮ የምንላትን አሰበ ተፈሪን መቀመጫቸው አድርገው መንገድ አስጠረጉ፣ የግብሩንም አሰባሰብ ደንብ አስያዙ። ያን የመሰለ ሐኪም መድኃኒቱን ትቶ ቀረጥ ቈጣሪ መሆኑ የሚቈጫቸው ጓደኞች አሉን። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ልቡ ለደከመ የጨርጨር ገበሬ በዚያ ዘመን ምን ሊሰጡት ይችሉ ነበር? ዲጂታሊስና ናይትሮግሊሰሪን ነበሩ፤ ቢላዋ ወደ ልብ ደም ሥር ገና አልደረሰም።

ኋላ ግን ደረሰ፤ ስመ ጥሩው ሥራ የተሠራውም በ1959 ዓ.ም. ነው። ፋቫሎሮ የተባለ፣ በአርጀንቲና ገጠር 12 ዓመት ያከመ ሐኪም፣ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከእግር የተወሰደ ደም ሥር በተደፈነው ላይ ማሻገሪያ አድርጎ ሰፋ። ታዲያ ቢላዋው ይሻላል ወይስ መድኃኒቱ? በ1,212 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት፣ የልባቸው የመግፋት ኀይል ከመቶ 35 ያልበለጠውን ብቻ መርምሮ፣ ውጤቱን በ2008 ዓ.ም. አወጣ። ሁሉም መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ በተጨማሪ ተቀደዱ። በመጀመሪያው ወር የሞቱት ከተቀደዱት ወገን ይበዙ ነበር፤ በአምስት ዓመት አካባቢም ልዩነቱ እርግጠኛ አልነበረም። በአሥር ዓመት ግን መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 66 ሲሞቱ፣ ከተቀደዱት ከመቶ 59 ሞቱ። ልባቸው እምብዛም ባልደከመ 5,179 ሰዎች ላይ በተደረገው በ2012 ዓ.ም. በወጣው ጥናት ደግሞ፣ ደም ሥርን ቀድሞ መክፈት ዕድሜ አላረዘመም። እንግዲህ ትርፉ የሚገኘው አሥር ዓመት መጠበቅ ለሚችል ነው፤ የገለምሶ ወይም የሂርና ገበሬ በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት ይህን የሚነግረው ሰው ይገባዋል፤ ኪኒኑም ከቀዶ ጥገናው በኋላ እንደማይቀርለት ጭምር።

ሐኪም ወርቅነህ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። መሐንዲሶች የነበሩትን ልጆቻቸውን ቤንጃሚንንና ዮሴፍን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሽስቶች ገደሉባቸው። በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ፋቫሎሮ ያንን ደም ሥር ሊሰፋ ገና ዐሥራ አራት ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር።