ሻለቃ ማሪና ራስኮቫ፦ የሴት አብራሪዎችን ሬጅመንቶች ያቋቋሙ የበረራ ባለሙያ

ሻለቃ ማሪና ራስኮቫ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1912 በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዜማ መምህር ስለነበሩ ራስኮቫም በልጅነታቸው ሙዚቃ ተምረው ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ኬሚስትሪ ትምህርት አዘንብለው በማቅለሚያ ፋብሪካ ሠሩ። በ1932 በአየር ኃይል አካዳሚ የንድፍ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያም ሙያውን አጥንተው በሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያ ሴት ናቪጌተር፣ ማለትም የአውሮፕላንን ጉዞ በካርታና በስሌት የሚመሩ ባለሙያ፣ ለመሆን በቁ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው አካዳሚ ወንድ መኮንኖችን ማስተማር ጀመሩ።

ስማቸውን በመላው ሀገሪቱ ያስጠራው በሴፕቴምበር 1938 የተደረገው በረራ ነው። ከቫለንቲና ግሪዞዱቦቫና ከፖሊና ኦሲፔንኮ ጋር ሆነው «ሮዲና» በተባለው አውሮፕላን ከሞስኮ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ያለ ዕረፍት ከ26 ሰዓት በላይ በረሩ። ነዳጁ ሊያልቅ ሲቃረብ አውሮፕላኑን በደን መካከል በሆዱ ማሳረፍ ግድ ሆነ። የናቪጌተሩ ክፍል በአፍንጫው ላይ ስለነበረ በሚያርፍበት ጊዜ የመጨፍለቅ አደጋ ነበረበት፤ ስለዚህም ራስኮቫ በፓራሹት እንዲወርዱ ታዘዙ። የድንገተኛ ጊዜ ስንቃቸውን ሳይዙ በረግረጋማው ጫካ ውስጥ ለአሥር ቀናት ያህል በጥቂት ቸኮሌትና ከጫካው በሚለቅሙት ፍሬ ብቻ እየተጓዙ አውሮፕላኑ ካረፈበት ቦታ ደረሱ። ሦስቱም የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ የተቀበሉ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ።

በ1941 ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን ስትወር በበረራ ክበቦች የሠለጠኑ በርካታ ወጣት ሴቶች ወደ ጦር ግንባር ለመዝመት አመልክተው ሳይሳካላቸው ቀረ። አብዛኞቹ አቤቱታቸውን የላኩት ለራስኮቫ ነበር። እርሳቸውም ያላቸውን ክብርና ተሰሚነት ተጠቅመው ጉዳዩን እስከ ከፍተኛው የመንግሥት አካል አደረሱ፤ በኦክቶበር 1941 ሦስት የሴቶች የአየር ሬጅመንቶች እንዲቋቋሙ ትእዛዝ ወጣ። እነርሱም 586ኛው ተዋጊ፣ 587ኛው ቦምብ ጣይና 588ኛው የሌሊት ቦምብ ጣይ ሬጅመንቶች ናቸው።

ሥልጠናው የተሰጠው በቮልጋ ወንዝ ዳር በምትገኘው በኤንግልስ ከተማ ነበር። በሰላም ጊዜ ዓመታት የሚፈጀው ትምህርት በጥቂት ወራት ተጨመቀ። ለሠልጣኞቹ የታደላቸው የወንዶች የደንብ ልብስ ነበር፤ ቦት ጫማውም ከእግራቸው እጅግ ስለሚሰፋ ወረቀት እየጠቀጠቁበት ይራመዱ ነበር። ራስኮቫ ሁሉም ፀጉራቸውን አሳጥረው እንዲቆረጡ አዘዙ። ይህ ሁሉ ቀላሉ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር የጉልበት ጉዳይ ነው። የሴቶች የላይኛው አካል ጉልበት በአማካይ ከወንዶች ያነሰ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የጦር አውሮፕላኖችም የተሠሩት በወንድ ቁመትና ክንድ ልክ ነበር። ራስኮቫ ራሳቸው ይመሩት የነበረው 587ኛው ሬጅመንት የታጠቀው ፔ-2 የተባለውን ባለሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ነበር። አውሮፕላኑ ፈጣን ቢሆንም መሪ ዘንጉ እጅግ ከባድ ስለነበር በሚነሣበት ጊዜ ለአንዲት አብራሪ ብቻዋን መሳብ ይከብዳት ነበር። መፍትሔው በየበረራው ተገኘ፦ ናቪጌተሯ ከጎን ሆና ዘንጉን አብራት ትስባለች። ቁመታቸው አጠር ያለ አብራሪዎችም እግራቸው ከፔዳሉ እንዲደርስ ከጀርባቸው ትራስ ያደርጉ ነበር። አካልን በልምምድ ማጠንከር ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ሥራውን ለሁለት ሰው መከፋፈልም የብቃቱ አካል ሆነ።

በ588ኛው ሬጅመንት ደግሞ ሸክሙ ከአብራሪዎቹ ይልቅ በምድር ላይ በነበሩት ሴቶች ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። ፖ-2 የተባለው የእንጨትና የሸራ አውሮፕላን በአንድ ሌሊት ደጋግሞ ስለሚነሣ፣ መሣሪያ ጫኞቹ በጨለማና በብርድ፣ መብራት እንዳይታይ እየተጠነቀቁ፣ ቦምቦቹን በእጃቸው አንሥተው ከክንፉ ሥር ያስሩ ነበር። የቦምቡ ማሰሪያ ጓንት ለብሶ ስለማይሠራ ጣቶቻቸው ለውርጭ ይጋለጡ ነበር። የእነዚህ ሴቶች ስም እንደ አብራሪዎቹ አለመነገሩ የሚያስቆጭ ነው።

ራስኮቫ ሬጅመንታቸው ወደ ውጊያ ሲገባ ለማየት አልታደሉም። ጃንዋሪ 4 ቀን 1943 አውሮፕላኖችን እየመሩ ወደ ስታሊንግራድ ግንባር ሲጓዙ በሳራቶቭ አቅራቢያ ከባድ የበረዶ ውሽንፍር ገጠማቸው። ከአብራሪነት ይልቅ በናቪጌተርነት የተካኑ ነበሩ፤ ያን ዕለት ግን መሪውን የያዙት እርሳቸው ነበሩ። አውሮፕላኑ ተከስክሶ አብረዋቸው ከነበሩት ሁሉ ጋር ሕይወታቸው አለፈ። ዕድሜያቸው 30 ዓመት ነበር። በሞስኮ መንግሥታዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደርጎላቸው ዐፅማቸው በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ዐረፈ።

ሬጅመንቱ በዚያው ወር መጨረሻ የመጀመሪያ ግዳጁን ፈጸመ። አዲሱ አዛዥ ቫለንቲን ማርኮቭ ወንድ በመሆናቸው ሴቶቹ በመጀመሪያ በጥርጣሬ ተቀበሏቸው፤ እርሳቸውም ሹመቱን የተቀበሉት በደስታ አልነበረም። ይሁን እንጂ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ አብረው ዘመቱ። ሬጅመንቱ በማሪና ራስኮቫ ስም ተሰይሞ የክብር ዘበኛ ማዕረግ አገኘ፤ አብራሪዎቹና ናቪጌተሮቹም ያንኑ ከባድ ዘንግ አብረው እየሳቡ በረሩ።