ፊሽካ የሌለው ዳኛ፤ ኤድመንድ ሆይል

አራት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ካርታ ሲጫወት ፊሽካ የሚነፋ የለም፣ ባንዲራ የሚያነሳም የለም። ታዲያ ገንዘብ ተይዞ ሁለት ሕግ እርስ በርሱ ሲጋጭ ማን ይፍረድ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ለዚህ ጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሰጠው ሰው ኤድመንድ ሆይል ይባላል።

እ.ኤ.አ በ1672 እንደተወለደ የሚነገርለት ሆይል የገነነው በጉብዝና ዘመኑ አይደለም። ኳስ ተጫዋች በ35 ዓመቱ ጫማውን ሲሰቅል፣ እሱ ዝና ያገኘው ገና 70 ሲሞላው ነው። እንጀራው የለንደን ሀብታሞችን እያስከፈለ ዊስት የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ማስተማር ነበር።

ዊስት ሁለት ለሁለት ቡድን ተሠርቶ በ52 ካርታ የሚካሄድ ሲሆን ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። መጀመሪያ የተጣለው ልብ ከሆነ፣ እጁ ላይ ልብ ያለው ሁሉ ልብ መጣል ግዴታው ነው። የሌለው ብቻ ነው ሌላ መጣል የሚችለው። ሲታደል መጨረሻ ላይ የተገለጠው ካርታ ምልክት ደግሞ የበላይ ይሆናል፤ የእሱ 2 ቁጥር እንኳን የሌላውን ኪንግ ይበላል። ከ13ቱ ዙር ከስድስት በላይ ያሸነፈ ቡድን ለእያንዳንዱ ትርፍ ዙር ነጥብ ይይዛል፣ ቀድሞ 10 የሞላ ጨዋታውን ይወስዳል።

ሆይል ትምህርቱን በ1742 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመውና በአንድ ጊኒ፣ ማለትም በ21 ሺልንግ ቸበቸበው። የዋጋው ውድነት ግን ሌቦችን ጠራ። መብቱን የገዛው ፍራንሲስ ኮጋን ገና ሳይጠቀምበት አስመሳይ ቅጂዎች በርካሽ ገበያውን አጥለቀለቁት። ዋጋ ቢቀንስም አልሆነም። በመጨረሻ መላው ምን ሆነ መሰላችሁ? ሽማግሌው እየተቀመጠ እያንዳንዱን መጽሐፍ በእጁ መፈረም! ፊርማው የሌለበት ሁሉ ፎርጅድ ነው ተባለ። ኮጋን ግን ከኪሳራ አልዳነም፤ መብቱም ቶማስ ኦስቦርን ለሚባል መጽሐፍ ነጋዴ ተላለፈ።

የሰውዬው ብልጠት ጎልቶ የሚታየው ግን ሕጎቹ ላይ ነው። አንድ ተጫዋች ልብ እያለው የለኝም ብሎ በበላዩ ምልክት ዙሩን በላ እንበል። ቆይቶ ያ ልብ ከእጁ ይወጣል። ጭቅጭቁን አስቡት! በሆይል ሕግ ተበዳዩ ቡድን ሦስት ምርጫ አለው፤ ለራሱ 3 ነጥብ መጨመር፣ ካጥፊው ላይ 3 መቀነስ፣ ወይም 3 ዙር መውሰድ። ነገር ግን የዙሩ ካርታ ተሰብስቦ ሳይነሳ ወይም ጥፋተኛው አለዚያም ጓደኛው ድጋሚ ሳይጥል ክስ ማቅረብ አይቻልም። እስከዚያ ስህተቱን የማረም ዕድል አለው ማለት ነው።

አጥፊው ቡድን በዚያው እደላ 10 ነጥብ ሞልቶ አሸነፍኩ ቢልስ? እዚህ ላይ ሆይል ቅልጥ ያለ ፍርድ ሰጥቷል። ቅጣቱ ከማንኛውም ነጥብ ይቀድማል፣ አጥፊውም 9 ላይ ይቆማል። ኦፍሳይድ የተነሳበት ጎል መረብ ቢነካም እንደማይቆጠረው መሆኑ ነው።

ሌላም አለ። ያለ ተራው የጣለ ሰው ካርታው እንደተገለጠ ይቀርና ተጋጣሚዎቹ በፈለጉት ሰዓት ጣለው ብለው ሊያዙት ይችላሉ። ትእዛዙ የመጣው ሌላ ምልክት መከተል ባለበት ዙር ላይ ከሆነስ? ቢታዘዝ ዋናውን ሕግ ይጥሳል፣ ባይታዘዝ ቅጣቱን። ሆይል ዋናውን ሕግ አስበለጠ፤ ቅጣት ሰውን ሌላ ጥፋት ውስጥ መክተት የለበትም።

ይሄ ሁሉ የተጻፈው የእግር ኳስ ማኅበር እዚያው ለንደን ውስጥ በ1863 ከመቋቋሙ 120 ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ሆይል ስለ ባክጋመንና ቼዝም ጽፎ በ1769፣ በ97 ዓመቱ ገደማ ለንደን ውስጥ አረፈ። የዊስት ሕጉ በታላላቆቹ ክለቦች እስከ 1864 ሲሠራበት ቆይቶ በዚያ ዓመት በአዲስ ተተካ። በ1993 የወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርታ ጨዋታም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። አንዱ ካርታ የፈቀደውን ሌላው ከከለከለ ክልከላው ይጸናል የሚል ሕግ አለው።

የሚያስቀው ደግሞ አሜሪካኖቹ በ1979 የፖከር የክብር መዝገብ ሲከፍቱ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ ያደረጉት ሆይልን ነው። ፖከር ብቅ ያለው እሱ ከሞተ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው፤ አንድም ቀን ተጫውቶት አያውቅም።